ላስቲኩ ብቻ ቀረ

ሰኔ 4 ቀን

ለጉዴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ እንደ ባለቤቱ እያጉረመረመ ይሄዳል። በስልክ ብንነጋገር ይሻላል ላልሽው፣ አይሻልም። አንቺ እዚያ ትጮኺያለሽ፣ እኔ እዚህ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፣ ከዚያ ምን እሺ እንዳልኩ ሴት አያትሽን እጠይቃለሁ። ባለፈው እሺ ያልኩት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሆኖ ተገኘ። በወረቀት እንቀጥል። የአውቶቡሱ ሾፌር በሳምንት ሁለቴ ወደ አንቺ ከተማ ይመላለሳል፤ ደብዳቤ ሳስይዘው አምባሳደር የተሾመ ይመስለዋል።

«የልጅ ልጄ የአፈር ሕይወት ታጠናለች» ብዬ ለሰው ስናገር ሰው ያዝንልኛል። የጎረቤት ልጆች ሐኪምና መሐንዲስ ሲሆኑ የእኔዋ በማይክሮስኮፕ ጭቃ ታያለች! እኔ ይህን አፈር ሃምሳ ዓመት በባዶ ዓይኔ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ «እንዴት አደርክ» ብሎኝ አያውቅም። አንቺ ግን አራት ዓመት ሳትማሪ ነፍስ ቆጠርሽበት።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። አጎቴ ቁርጡን ተናገረ ወይ ላልሽው፣ ተናግሯል። «አባዬ፣ የታችኛው ማሳ ሞቷል» ይላል። ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ማረሻ አልነካውም፣ ማዳበሪያም አልቀመሰም፤ አረሙ ወገብ ይደርሳል። መንገደኛ ባየው ቁጥር ልጄ አንገቱን ይደፋል። የላይኛውን ማሳ ግን ታውቂዋለሽ፤ ደጃፌ ላይ ስለሆነ ተንፏቅቄም ቢሆን አልተውኩትም። አጎትሽ አምስት ጊዜ ያርስልኛል፣ ነጩን ማዳበሪያ እስኪጠግብ እበትንለታለሁ፣ አንዲት ሣር ብቅ ካለች በጣቴ እነቅላታለሁ። እንደ ተላጨ አገጭ ነው የሚያበራው። መንደርተኛው «እርሻ ማለት ይሄ ነው» ይለኛል፤ እኔም አልክድም።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት አጎትሽ ጡብ ሠሪውን ይዞ መጣ፤ ከወንዙ ማዶ ጭስ ማውጫ ያቆመውን ሰውዬ። ከታችኛው ማሳ እፍኝ አፈር አነሣ፣ በውሃ አርጥቦ ጨመቀው፣ ፈገግ አለ። እንዲህ ያለ ፈገግታ የማውቀው ሠርግ ቤት ብቻ ነው። የሰው ቁመት ያህል ቆፍሮ በመኪና ሊያግዘው ነው።

«ጉድጓዱስ?» አልኩ።

«ዓሣ ታረባበታለህ» አለኝ አጎትሽ። ዋና ለማያውቅ ሰው!

«ልጅቷ ትመርምረው» አልኩ እኔም። «ሕይወት አለው ካለች የጡብን ስም እዚህ ቤት ዳግመኛ እንዳትጠራ። ሞቷል ካለች እፈርማለሁ።» ተጨባበጥን። ምስክሯ አያትሽ ናት፤ እሷ ደግሞ የረሳችው ነገር የለም፣ የዛሬ አርባ ዓመት ያልኳትን ሳይቀር። እንግዲህ የማሳው አንገት በእጅሽ ነው።

አሁን ስለ ሁለተኛው ትዕዛዝሽ። «ንጹህ የጥጥ ሙታንታ በየማሳው አንድ አንድ ይቀበር፣ ከሁለት ወር በኋላ ይውጣ» ይላል ደብዳቤሽ። መነጽሬ የተበላሸ መስሎኝ አያትሽን ጠራኋት።

«ይሄን አንብቢልኝ።»

«ሙታንታ ይላል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንተ ሽማግሌ፣ ሙታንታ ነው የሚለው!»

ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ? አፈር ስሆንልሽ፣ ብልቃጡን እልክልሻለሁ፣ ሙታንታውን ግን ተይኝ።

አያትሽ


ሰኔ 13 ቀን

ለአባባ፤

እንዴት ከረሙ? የጥርስ ሐኪሙ ጋ ሄዱ ወይስ እሱንም በወረቀት ሊጨርሱት ነው?

በመጀመሪያ «አፈር ስሆንልሽ» ብለው መለመንዎን ይተዉ። እዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ አፈር ላይ ጎንበስ ብዬ ስውል ቆጥሬ የማልጨርሰው ፍጥረት አገኛለሁ፦ የሚበላ፣ የሚበሉት፣ ክር የሚዘረጋ፣ ሥር የሚቀልብ። አፈር ለመሆን ገና ብዙ ይቀርዎታል አባባ።

ሙታንታው ቀልድ አይደለም። ጥጥ ከተክል ነው የሚሠራው። የወደቀ ቅጠል የሚበሉ ረቂቅ ነፍሳት ጥጥም ይበላሉ። ብዙ ከሆኑ ጨርቁን ይጨርሱታል፤ ከሌሉ እንዳለ ይቀራል። ላስቲኩን ግን ማንም አይነካውም። በማይክሮስኮፕ ቆጥሬ የማገኘውን አጎቴ በዓይኑ እንዲያየው ነው የፈለግኩት። እኔ በቁጥር ባሳምነው «መሣሪያሽ ነው ያለው» ይለኛል።

ሁለት ብልቃጥ በሾፌሩ ልኬያለሁ። ቀይ ክዳን ያለው ለታችኛው ማሳ፣ ነጭ ክዳን ያለው ለላይኛው ነው። ከየማሳው ከአሥር ቦታ በማንኪያ ወስደው በባልዲ ቀላቅለው ይሙሉልኝ። እዚህ ጥናቴን የምጀምረው በእርስዎ ሁለት ማሳዎች ነው፤ የታረሰና የተተወ መሬት ጎን ለጎን የት አገኛለሁ? መምህሬ «የቤተሰብ መሬት ነው፣ ልብሽ ያዳላል» ብሎኝ ነበር። «ልቤ ቢያዳላም ቁጥሬ አያዳላም» ብዬዋለሁ። ስለዚህ በዚህ በአንዱ ነገር ብቻ አይቀልዱብኝ።

እማማን ሳሙልኝ። ሙታንታውን ደግሞ ከእሳቸው ደብቀው አይውሰዱ።

ጉድዎ


ሰኔ 25 ቀን

ለጉዴ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ብልቃጦቹን ሾፌሩ ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንደሚያመጣቸው ምሎልኛል። ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ማሳዬ እንዳይፈስ ቀበቶ እሰርላቸው ብዬዋለሁ።

ከአሥር ቦታ ወሰዱ ወይ ላልሽው፣ ከአሥራ ሁለት። በማንኪያ ነው ወይ ላልሽው፣ በአያትሽ ማንኪያ፤ ለዚህም ገና አልተጠየቅኩም። በትክክል ሞሉት ወይ ላልሽው፣ ሁለቱም እስከ አንገታቸው ሞልተዋል። አንድ ሽማግሌ በእርጅናው ይህን ያህል መመርመር አለበት? አንቺ ቁጠሪ፣ እኔ እሞላለሁ።

ሙታንታው ተቀብሯል። ደብቀው አይውሰዱ ብለሽኝ ነበር፤ ደብቄ ወሰድኩ። አጎትሽ በቀደም የገዛልኝን ሁለቱን አዲሶች። ስንዝር ያህል ቆፍሬ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አስተኛኋቸው፣ በራሳቸውም በትር ተከልኩ። የታችኛው ማሳ ሲቆፈር ቀለለኝ፤ የላይኛው ግን አካፋውን እንደ በር ጠባቂ አላስገባም አለኝ። ጉልበቴ ነው ብዬ አለፍኩት።

በታች በኩል ጎረቤታችን ሲያልፍ ቆመና አየኝ።

«ምን እየዘራህ ነው?»

«ሙታንታ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«በሁለት ወር ሱሪ ይሆናል።»

ሰውዬው ሳይስቅ ሄደ። ማታ ሚስቱ ለአያትሽ ደወለችና «ባልሽን አእምሮውን አሳዪው» አለቻት። አያትሽም መሳቢያውን ከፍታ ቆጠረች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍልሽም፤ ገና ያላገባሽ ልጅ ነሽ።

አጎትሽ ውጤቱ መቼ ይደርሳል እያለ ይጠይቀኛል። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። «በምኑ?» ሲለኝ «በልጅቷ» አልኩት። ስለ ታችኛው ማሳ አታስቢ። እጄ ላይ ያለውን ሁሉ አድርጌለታለሁ።

አያትሽ


ሐምሌ 28 ቀን

ለጉዴ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ደህና ነኝ። አያትሽም ደህና ናት።

ደነገጡ ወይ ላልሽው፣ በእኔ ዕድሜ ድንጋጤ ውድ ነገር ነው፣ በቁጠባ ነው የምጠቀመው። ብቻ ደብዳቤሽን ያነበበው አጎትሽ ነው። መነጽሬን ስፈልግ ከእጄ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ቀዩ ብልቃጥ፣ የታችኛው ማሳ፦ ትል የለም፣ የትል እንቁላል የለም፣ የፈንገስ ክር ተበጣጥሷል፣ የአፈሩ ጓል ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ዱቄት ተበተነ። ነጩ ብልቃጥ፣ የላይኛው ማሳ፦ በሕይወት የተሞላ፤ እንዲህ ያለ አፈር በዚህ ዓመት አላየሁም።» ከዚያ ያለሽውንም አነበበው፦ «አጎቴ፣ ቃሌ ቃል ነው፣ በሌላ መንገድ ብጽፈው ደስ ባለኝ።»

አጎትሽ አልጨፈረም፤ ይሄን ልንገርሽ። ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «አዝናለሁ አባዬ» አለ። ቢጨፍር ይሻለኝ ነበር። ጡብ ሠሪው በማግሥቱ መጥቶ በገመድ ለካ። ነሐሴ 20 የምፈርመውን ወረቀት ይዞ ይመጣል።

የላይኛው ማሳዬ በመመስገኑ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ግን አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ፦ ማይክሮስኮፕ ይሳሳታል? መስታወቱ ቢያረጅ እንደ እኔ መነጽር አንዱን በሌላው ቦታ ያሳያል? ብልቃጥ በአውቶቡስ ሲሄድ በሙቀት ይሞታል? ሾፌሩስ ሬዲዮ በጣም ይከፍታል፤ ትል በጩኸት ይሞት እንደሆነ አላውቅም፣ አንቺ ነሽ የተማርሽው። ለማወቅ ያህል ነው። ሌላ ምንም የለም።

ለማንኛውም መልሺልኝ። ፈጠን አድርጊ።

አያትሽ


ነሐሴ 6 ቀን

ለአባባ፤

ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ተረብ ብቻ አገኘሁ፣ እሱም የሾፌሩ ሬዲዮ ነው። ታመዋል እንዴ?

ማይክሮስኮፑ አልተሳሳተም። ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል፤ ሦስተኛውን ጓደኛዬ ናት የቆጠረችው፣ የማንን መሬት እንደምትቆጥር ሳታውቅ። ሁለቱም ብልቃጥ አብረው ተጉዘዋል፣ ሙቀቱም አንድ ነበር። ሬዲዮውንም እኩል ነው የሰሙት።

ለእኔ ቀላል እንዳይመስልዎ። የታችኛው ማሳ ላይ ነው መራመድ የተማርኩት። ግን ውጤቱን ብሸፍን ነገ ማን ያምነኛል? በመስከረም መምህራኑ ፊት የማቆመው ይህንኑ ነው፦ የተተወው ሞተ፣ የታረሰው ለመለመ። ያነበብኩት ሁሉ ተቃራኒውን ይላል፤ እኔ ግን የቆጠርኩትን ነው የምናገረው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ቀዩ ብልቃጥ ታች ላይ አንዲት ነጭ ፍሬ አገኘሁ። ስኳር መስላኝ ነበር። ማዳበሪያ ናት። አባባ፣ በታችኛው ማሳ ማዳበሪያ የበተነው ማነው?

ሙታንታዎቹ ቀናቸው እየደረሰ ነው። ከወረቀቱ በፊት ያውጧቸው፣ አጎቴም ይኑር።

ጉድዎ


ነሐሴ 21 ቀን

ለጉዴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም፤ የሚያበዛ ሰው የሚደብቀው አለው፣ እኔም ስደብቅ ከርሜያለሁ። ጥያቄሽን እመልሳለሁ፣ ግን በተራው።

ትናንት ጠዋት ጡብ ሠሪው ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ ብዕርም በኪሱ ሁለት። አጎትሽ አካፋ ያዘ። አያትሽ በረንዳ ላይ ወንበር አወጣች፤ ሙታንታዬ ከመቃብር ሲወጣ ለማየት ሰው ይህን ያህል ይጓጓል አልልም ነበር። ያ ሳይስቅ የሄደው ጎረቤታችንም «ሱሪው ደርሷል እንዴ?» እያለ መጣ።

መጀመሪያ ላይኛው ማሳ። አጎትሽ ሲቆፍር አፈሩ እንደ ሰሌዳ እየተሰነጠቀ ወጣ። ሙታንታው ወጣ፣ አራገፍነው። ደህና ነው። ቀዳዳ እንኳ የለውም፤ ቀለሙ ብቻ ትንሽ ወይቧል። አያትሽ «ታጥቦ ይለበሳል» አለች።

«የላይኛው በሕይወት የተሞላ ነው አላለችም?» አለ አጎትሽ።

«እስቲ የታችኛውን እንየው» አልኩ።

ወደ ታች ወረድን። አረሙን ገለጥ አድርጎ በትሩን ነቀለ። አካፋው ሳይገፋ ገባ። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ፍርፍር ይላል፣ ዝናብ የጀመረው ቀን የሚሸተውን ይሸታል። አጎትሽ ጎንበስ ብሎ በእጁ ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣ። ከዚያ በጣቱ አንድ ነገር ስቦ አወጣ። ላስቲክ ነበር። ላስቲኩ ብቻ፣ እንደ ጎማ ቀለበት ክብ ሆኖ፣ በላዩም ሁለት ክር። አንድ ወፍራም ትልም ተንጠልጥሎበት፣ ከማዕድ ላይ እንደ ተነሣ ሰው ተቆጥቶ ሲወራጭ።

ጎረቤታችን «በላው!» ብሎ ጮኸ። አጎትሽ ላስቲኩን ወደ ፀሐይ አንሥቶ እንደ ቀለበት አየበት።

ጡብ ሠሪው ግን ሞኝ አይደለም። «ታዲያ ልጅቷ ተሳስታለች ማለት ነዋ» አለ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምራ የታችኛውን ከላይኛው አልለየችም።»

አጎትሽም ራሱን ነቀነቀ። «አዎ፣ ተሳስታለች። ምስኪን። ይሁን፣ ልጅ ናት፣ ዋናው ማሳው መትረፉ ነው።»

ጉዴ፣ እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብቆም ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ማሳው ተረፈ። ጡብ ሠሪው ብዕሩን ወደ ኪሱ እየመለሰ ነው። የላይኛው ማሳዬም ስሙ እንዳለ ነው፤ ሙታንታው ያልተበላው ንጹህ ስለሆነ ነው ብዬ አንድ ነገር እፈጥርለት ነበር፣ መቼም እኔን አላውቅዎትም አትይኝም። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንቺ ስተሻል። መንደሩ ሁሉ «የሽማግሌው የልጅ ልጅ አፈር መለየት አቃታት» እያለ ይስቃል።

«አልተሳሳተችም» አልኩ። «ብልቃጡን የቀያየርኩት እኔ ነኝ።»

ነጯን ፍሬ የበተናት ማነው ላልሽው መልሱ ይሄው ነው። ከቀዩ ክዳን ሥር ያስገባሁት የላይኛውን ማሳ አፈር ነው፤ ከነጩ ሥር የታችኛውን። የታችኛው እንዳይቆፈር ፈርቼ ነው። የላይኛው፣ ሃምሳ ዓመት የደከምኩበት፣ የተላጨው፣ የተመሰገነው፣ በእርግጠኝነት ያልፋል ብዬ ነበር። ደካማ ተማሪ ጎበዝ ጓደኛውን ፈተና እንደሚልክ። ጎበዙ ወደቀ! ውጤትሽ ሲደርስ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። ማይክሮስኮፕ ይሳሳታል ወይ ብዬ የጠየቅኩሽ ለማሳው ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ነው። ሾፌሩንም አማሁት፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ስለ ሬዲዮው ግን አልጠየቅኩም።

አጎትሽ አፉን ከፍቶ አየኝ። «አባዬ፣ አንተ ነህ በማሳው ላይ ሞት የፈረድከው?»

«ለማዳን ብዬ።»

«እና ሞቱ…» ብሎ ወደ ላይ ወደ ደጃፋችን ዞር አለ። ሁላችንም ዞርን። እንደ ተላጨ አገጭ ያበራል። ከትናንት ወዲያ የዘነበው ውሃ እላዩ ላይ ተኝቷል። ውሃ ያዘልኝ እያልኩ ስኮራ የኖርኩት፣ ለካ መግቢያ አጥቶ ደጅ የቀረ ውሃ ነው።

ጡብ ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው ሙቱን ስጡኛ። ለእኔ ያው ነው።»

መልስ አጣሁ። እውነቴን ነው፣ እኔ! አያትሽ እንኳ ከወንበሯ ተነሣች። ታዲያ ማን ተናገረ መሰለሽ? ያ ጡብ ጡብ ሲል የከረመው አጎትሽ። «አልሞተም» አለው። «ደክሞት ነው። አምስት ጊዜ የሚያርሰው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ወረቀትህን ይዘህ ሂድ።» ከዚያ ወደ ደጃፋችን ወጥቶ ያልተበላውን ሙታንታ ከአያትሽ እጅ ነጠቀና ወደ ጉድጓዱ መልሶ ቀበረው፣ በትሩንም ተከለበት። «ዛሬ ዓመት እናየዋለን» አለኝ። እሷ ታጥቦ ይለበሳል ያለችውን!

ስለዚህ ለመምህርሽ የሚሆን አንድ ወረቀት በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። በቀይ የጻፍሽውን ወደ ነጭ፣ በነጭ የጻፍሽውን ወደ ቀይ አዙሪው፤ ቁጥሩን ግን እንዳትነኪው፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ወረቀቱ ላይ «ልጅቷ በትክክል ቆጥራለች፣ ያታለለው ሽማግሌው ነው» ብዬ ፈርሜያለሁ። አጎትሽና አያትሽ ምስክር ናቸው። ካላመነሽ ሌላ ብልቃጥ ላኪ፤ አያትሽ ትሞላዋለች፣ እኔ አሥር እርምጃ ርቄ እቆማለሁ። መስከረም ላይ ቀና ብለሽ ቁሚ። ያነበብሽውም ልክ ነበር፣ የቆጠርሽውም ልክ ነበር፤ ጠማማው መካከል ላይ የቆመው አያትሽ ነው።

ለላይኛው ማሳ ትዕዛዝሽን ላኪ። ምን ልዝራበት፣ ምን ላልብሰው፣ ምን ልተውለት? ነጩን ማዳበሪያ መበተን አቁሜያለሁ። ማረሻውን አጎትሽ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ትናንት ከሰዓት አንዲት ሣር ብቅ ብላ አየኋት፤ ጣቴ ሄደ፣ መለስኩት። ምን ያህል እንደከበደኝ ማይክሮስኮፕሽ አያሳይሽም። ጎረቤታችን «አረም ጀመረህ እኮ» ሲለኝ «እንግዳ ነው፣ አትንካብኝ» አልኩት። አሁንም አልሳቀም።

ላስቲኩን በፖስታው ውስጥ ታገኚዋለሽ። አያትሽ አጥባዋለች፣ አትፍሪ። የማሳሽ የምስክር ወረቀት ነው፣ ከጠረጴዛሽ በላይ ስቀይው።

ለመጨረሻ የተውኩት ይቅርታውን ነው። በዚህ በአንዱ ነገር አይቀልዱብኝ ብለሽኝ ቀለድኩብሽ። አንቺ ልብሽ እያዘነ የቆጠርሽውን ጻፍሽ፤ እኔ ልቤ ስላዘነ የሌለውን ሞላሁ። ሃምሳ ዓመት «አፈር ስሆን» እያልኩ ሰውን ስለምን ራሴን ዝቅ ያደረግኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጉራ ነው።

ቢሆንም አፈር ስሆንልሽ ይቅር በይኝ። የታችኛውን ማሳ አፈር ማለቴ ነው፤ የላይኛውን ለመሆን እንኳ አንድ ዓመት ይቀረኛል።

አያትሽ